አጎቴ ያስከለከለው መሻገሪያ

እናቴ የተቀበረች ዕለት አጎቴ ከወንዙ ማዶ ቆሞ ነበር። ያላት አንድ ወንድም እሱ ነው፤ ታናሿ። ለቀብሯ ሳይደርስ የቀረው መርዶው ዘግይቶበት አይደለም፤ ማለዳውኑ ሰምቷል። የሚያሻግረው ስላጣ ነው። የሚያሻግር እንዳይኖር ያደረገው ደግሞ በከፊል ራሱ ነበር። እሱም ይህን አይደብቅም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናግሮታል።

የተወለድኩት ለሚ ነው። ከከተማዋ ዳር ቁልቁል ሲወርዱ ብርዱ ቀስ በቀስ ይለቃል፤ ስንዴው ያበቃና ማሽላው ይጀምራል፤ ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሰው የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ይጀምራል። አጎቴ ከወንዙ ማዶ ሚስት አግብቶ እዚያው ቀረ። ማዶው ሌላ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ሌላ ወረዳም ነው። በበጋ ሱሪን ጠቅልሎ መሻገር ይቻላል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ፣ ዛፉን ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ይወርዳል። ድልድዩ ሩቅ ነው፤ በዚያ ዞሮ ለመምጣት በእግርም በመኪናም ሁለት ቀን ይፈጃል። በልጅነቴ ክረምት ማለት አጎቴ የማይመጣበት ጊዜ ነበር።

ይህን የቀየሩት አጎቴና አበልጁ ናቸው። አበልጁ የሚኖረው በእኛ በኩል፣ ከወንዙ በላይ ባለች መንደር ነው። አጎቴ የሰውየውን የበኩር ልጅ ክርስትና አንስቶለታል። ከዚያ ወዲህ በስም ተጠራርተው አያውቁም፤ አንዱ ከወዲህ "አበልጄ!" ሲል ሌላው ከወዲያ "ወይ አበልጄ!" ይላል። የመንደሩ ሰውም ስማቸውን ትቶ እንደዚያው ይጠራቸው ነበር። ሁለቱ ባዶ በርሜሎች ገዝተው፣ በባሕር ዛፍ አጣና አያይዘው፣ ላዩን ሳንቃ መቱበት። በእኛ በኩል ካለው ዋርካ ሥር እስከ ማዶ ቋጥኝ የሽቦ ገመድ ዘረጉ። ታንኳ ናት ማለት ይከብዳል። ሰው "በርሜሏ" ይላት ነበር።

በርሜሏ የምትሄደው በመጎተት ነው። ተሳፋሪው ከእኛ በኩል ሲወጣ አጎቴ ከማዶ ገመድ ይስባል፤ አበልጁ ደግሞ ከዚህ በኩል ሌላውን ገመድ በልኩ እየለቀቀ ወንዙ እንዳይገለብጣት ይይዛታል። ስትመለስ ሥራው ይገለበጣል። አንዱ ከሌለ ሌላው ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። ተሳፋሪው ገበያተኛ ነው፤ ቄስ አለ፣ ሙሽራ አለ፣ ለሚ ጤና ጣቢያ የሚወጣ በሽተኛ አለ። ፍየልና ዶሮም ይሻገራል።

እናቴ በርሜሏን ትፈራት ነበር። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትቀመጥና መሬት እስክትረግጥ አትገልጥም። አጎቴ ከማዶ እየሳበ ይስቅባታል።

"እታለም፣ ደርሰሻል እኮ! ግለጪው!"

"አልደረስኩም፤ ውኃው ይሰማኛል።"

"ከወረድሽ ቆየሽ እኮ፤ እኔን ነው የምትሰሚው።"

እሷም በነጠላዋ ጫፍ ትመታዋለች። አበልጁ ከወዲህ ሆኖ፣ ማዶ የሚባለውን ሳይሰማ ሲስቁ አይቶ ብቻ አብሮ ይስቃል።

እኔ ሕግ ተማርኩ። አሁን ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የወንዝ መሻገሪያ ሕግ ላይ ልጽፍ ስነሳ መነሻዬ ያቺ በርሜል ነበረች። አገራችን ውስጥ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ብዙ ስላላገኘሁ ንባቤ ወደ አሜሪካ ሄደ። አሜሪካኖቹ ገና ነጻ በወጡበት ዘመን አገሩ ሁሉ ወንዝ ነው፤ ድልድይ የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ግዛት የራሱን የመሻገሪያ ሕግ ያወጣል። የአካባቢው ፍርድ ቤት ለአንድ ሰው ፈቃድ ይሰጣል፤ ከእሱ መሻገሪያ አጠገብ ሌላ ሰው በክፍያ እንዳያሻግር ይከለከልለታል። በምላሹ ሰውየው ግዴታ አለበት። ጠንካራ ታንኳና በቂ ሠራተኛ ማቆየት፣ የመጣውን ሁሉ ሳያዘገይ ማሻገር፣ ዋጋውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ መስቀል፣ እቃ ቢጠፋበት መክፈል። እምቢ ካለ ይቀጣል።

ወንዙ ሁለት ግዛቶችን የሚለይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከራል። አንዱ ግዛት ለራሱ ሰው ብቻ ፈቃድ ይሰጥና የጎረቤቱን ታንኳ ከዳሩ ያባርራል። ጎረቤቱም አጸፋውን ይመልሳል። በእንፋሎት የሚሄዱ ጀልባዎች ሲመጡ ጠቡ ባሰ፤ አንዱ የሌላውን ጀልባ እስከ መውረስ የሚደርስ ሕግ አወጣ። በመጨረሻ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገብቶ፣ በግዛቶች መካከል የሚደረግ የውኃ ላይ ንግድ የመላው አገር ጉዳይ ነው፣ አንድ ግዛት ብቻውን ሊዘጋው አይችልም ብሎ ፈረደ። ይህን ክፍል ሳስተምር ተማሪዎቼ ይስቃሉ። ሁለት መንግሥት በአንድ ወንዝ እንዲህ እንደ ሕፃን ይጣላል? ይላሉ። እኔም በፊት አብሬያቸው እስቅ ነበር።

የተመረቅሁ ጊዜ እናቴ ቤት ድግስ ተደርጎ አጎቴና አበልጁ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ምን እንደጻፍኩ ጠየቁኝ። "ስለ እናንተ ነው" አልኳቸው። አጎቴ ጠላውን እስኪያፈስ ሳቀ። "ፈረንጅም በርሜል ይስባል በለኛ!" አለው አበልጁን። አበልጁ ደስ ብሎት ለሰው ሁሉ ሲያወራ አመሸ።

ከዚያ በኋላ ነው ጀልባዋ የመጣችው። የአበልጁ የበኩር ልጅ፣ አጎቴ ክርስትና ያነሳው ማለት ነው፣ ደብረ ብርሃን ሄዶ ብየዳ ተማረ፤ የራሱንም ቤት ከፈተ። አንድ ክረምት ለአባቱ ከላሜራ የተበየደች ጀልባ ከነሞተሯ በአይሱዙ ጭኖ አመጣለት። ከመንገዱ መጨረሻ ጀምሮ በሰው ሸክም ወንዝ አወረዷት። ሰማያዊ ቀለም ተቀብታለች። ገመድ አያስፈልጋትም። ከማዶ የሚስብ ሰውም አያስፈልጋትም።

አበልጁ ክፉ አላሰበም። አጎቴን "አብረን እንሠራባታለን" ብሎታል። ግን ሞተሩን የሚይዝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አበልጁ ነው። አጎቴ ማዶ ዳር ላይ ገመዱን ይዞ ይቆማል፤ ጀልባዋ ሰው አድርሳ ትመለሳለች። በርሜሏ ከዚህ በኩል የሚይዛት ስለሌለ አትንቀሳቀስም። አጎቴ ያን ጊዜ የተሰማውን በኋላ ሲነግረኝ፣ "የገቢው ነገር አልነበረም። ሰው ሰላም ይለኝና ያልፋል። እዚያ ለምን እንደምቆም ጠፋኝ" አለኝ። ይህን ለአበልጁ አልነገረውም። አበልጁም ፊቱ እንደጠቆረ አይቷል፤ ግን ምን ሆንክ ብሎ አልጠየቀውም። አንድ ምሽት እንኳ አብረው ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ብዬ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ።

አጎቴ በዚያው ሰሞን ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ መጣ። ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው።

"ያ የፈረንጆቹ ሕግ ምን ነበር የሚለው? ላንዱ ፈቃድ ከተሰጠ ሌላው አጠገቡ አያሻግርም አላልሽም?"

"ብያለሁ ጋሼ። ግን ባለፈቃዱ ግዴታ አለበት። ጥሩ ታንኳ ያቀርባል፣ ማንንም አያዘገይም። ደግሞ የእነሱ ሕግ ነው፤ እዚህ አይሠራም።"

"የቀደመው እኔ ነኝ አይደለም?"

"ሁለታችሁ ናችሁ የቀደማችሁት። አበልጅህን አነጋግረው።"

"ከሰውየው ጋ የምነጋገረው የለኝም።"

ደነገጥኩ። አበልጁን "ሰውየው" ብሎ ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ብዙ ለመንኩት። እሺ ብሎኝ የሄደ መሰለኝ።

አጎቴ ቀጥታ የሄደው ግን ወደ ራሱ ቀበሌ ነው። ከነገርኩት ሕግ ግማሹን ብቻ ይዞ ሄደ። የቀበሌው ሰዎችም የማዶው ጀልባ በእኛ ዳር ሰው እየጫነ ለእኛ የሚተርፈን ምንድን ነው ብለው ሲያጉረመርሙ ቆይተው ኖሯል፤ ነገሩ ተስማማቸው። በዚህ ዳር ሰው የማውረድና የመጫን መብት የአጎቴ ብቻ ነው፤ ከሌላ ወረዳ የመጣ ጀልባ እንዳይጠጋ ብለው ወሰኑ። አበልጁ በማግስቱ ሰው ጭኖ ሲሻገር ሚሊሻ ቆሞ መለሰው። አጎቴ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀምጦ ያይ ነበር። አበልጁ ከጀልባዋ ላይ ሆኖ "አበልጄ!" ብሎ ጠራው። አጎቴ አልመለሰለትም። ከነገሩ ሁሉ አብልጦ የሚጸጸተው በዚያች ዝምታ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ከወንዙ ወዲህ ያለው የአበልጁ ቀበሌም በተራው ወሰነ። ከማዶ የሚመጣ በርሜልም ሆነ ታንኳ በእኛ ዳር እንዳይታሰር፣ የሽቦው ገመድም ከዋርካው ይፈታ ተባለ። ጀልባዋ ወዲያ መድረስ አትችልም፤ በርሜሏ ወዲህ መድረስ አትችልም። ወንዙ በርሜሏም ጀልባዋም ከመኖራቸው በፊት ወደነበረበት ተመለሰ። እኔ በዚያው ዓመት ክፍል ገብቼ ያንኑ ምዕራፍ ሳስተምር ድምፄ ተቆራረጠ። ተማሪዎቹ ጉንፋን መስሏቸው መስኮት ዘጉልኝ።

እናቴ ለማስታረቅ ያላደረገችው የለም። ሽማግሌ ላከች፣ ለየብቻ ጠራቻቸው። አበልጁ መጥቶ "ጠርቼው ዝም ብሎኛል፤ እሱ ይምጣ" አላት። አጎቴን በስልክ ስታናግረው "በኔ ቦታ ብትሆኚ ይገባሽ ነበር" ይላታል። "በአንተ ቦታማ ብሆን እህቴን ከማዶ አስቀርቼ ክረምቱን ሙሉ ወንዝ ዳር አልቀመጥም" ብላ ስልኩን ዘጋችበት፤ ወዲያው ግን አልቅሳ መልሳ ደወለች።

የወረዳ ሰዎችም ጉዳዩን እናየዋለን እያሉ አንድ ክረምት አለፈ፣ ሌላውም መጣ። አበልጁ ጀልባዋ ፀሐይ ላይ ስትዝግ ማየት አልቻለም። ሐይቅ ካለበት አገር ለመጣ ነጋዴ ሸጣት። በርሜሏንም አንድ የነሐሴ ሙላት ከማዶ ዳር ነጥቆ ወሰዳት። ሰው መልመድ አያቅተውም፤ ክረምት ሲገባ ገበያው በየዳሩ ለብቻው ሆነ።

እናቴ የሞተችው በሚቀጥለው ነሐሴ ነው። ታማ አልተኛችም። ማታ ደረቴን አመመኝ ብላ ተኛች፤ ጠዋት አልተነሳችም። ጎረቤት ሲደውልልኝ ደብረ ብርሃን ነበርኩ፤ ለሚ ስደርስ ድንኳን ተተክሏል፤ ዕድርተኛው ጉድጓድ ለማስቆፈር ወጥቷል። አበልጁ መርዶውን ሰምቶ ዳገቱን ከሌሎች ቀድሞ ወጥቷል። ወገቡን በነጠላ አስሮ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። አቅፎኝ ሲያለቅስ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አውጥቶ ቁጥሩን አየና ፊቱ ተለወጠ። አስቦበት ይሁን አላውቅም፣ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተው።

"አበልጄ" አለ አጎቴ ከወዲያ። ከኋላው የወንዙ ጩኸት ይሰማል።

"ወይ፣ አበልጄ።"

"እታለም ሞታብኛለች።"

"ሰምቼ መጥቻለሁ። ልጅቷም እዚሁ አጠገቤ ናት።"

"ወንዙ ዳር ነኝ። በእናትህ ጀልባዋን አውጣልኝ። ሚሊሻም ይሁን ማንም ይሁን፣ እኔ እመልስልሃለሁ።"

  አበልጁ ቀስ ብሎ፣ "አበልጄ፣ ጀልባዋ የለችም። ሸጥኳት" አለው።

ስልኩ ከወዲያ ተዘጋ። አበልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና "ቀብሯን አደራ፤ እኔ እዚያ ጋ ልድረስ። ይገባል እሱ፣ አውቀዋለሁ" ብሎኝ ቁልቁለቱን ሮጠ። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ጭቃ።

የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። ሲደርስ አጎቴ ልብሱን አውልቆ ጉልበቱ ድረስ ውኃው ውስጥ ገብቶ አገኘው። ሁለቱም ጎበዝ ዋናተኞች ነበሩ፤ ግን ያን ቀን ወንዙ ሞልቶ ዋርካውን ሥሩን ይልሰዋል። ቢጮህ አይሰማም። እጁን እያወዛወዘ ደወለለት። አጎቴ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ዳር ላይ ከተወው ልብሱ አነሳ። እየተያዩ በስልክ ተነጋገሩ።

"አትግባ።"

"ልግባ፤ ልሞክረው።"

"ባንድ ቀን ሁለት ልናስቀብራት ነው ልጅቷን? ውጣ። ልብስህን ልበስ።"

አጎቴ ወጣ። ለበሰ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አበልጁም በዚህ በኩል ተቀመጠ። ላይ ለሚ ፍትሐቱ ተደርጎ አስከሬኑ ወጥቶ አፈር እስኪለብስ ሁለቱ እዚያ ነበሩ። ዝናብ መጣ፤ አልተነሱም። እኔ በዚያ ሰዓት ሰው ደግፎኝ የምቆም ነበርኩ፤ ስልኬን ከፍቼ የካህናቱን ድምፅ ላሰማው የሚለው ሐሳብ የመጣልኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ቤት ተመልሰን እግራችንን ስንታጠብ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አጎቴ በድልድዩ በኩል ዞሮ የደረሰው በሠልስቱ ነው። ጫማው በጭቃ ወድሟል። ከበር ላይ "እታለም!" ብሎ ሲጮህ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ካረጋጉት በኋላ መሐል ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

"ማንም ከማዶ እንዳይመጣ ብዬ ነበር ያስከለከልኩት። እኔ ማዶ መሆኔን ረስቼ።"

አበልጁ ከአጠገቡ ነበር። "እኔም ያዋረድከኝ መስሎኝ ሸጥኳት። አንድ ክረምት ብታገስ ምን ነበረበት?" አለ። ሁለቱም ካሁን በኋላ ማንን ይቅር ማለት እንዳለባቸው የጠፋቸው ይመስሉ ነበር። ቄሱ ይቅር አባባሏቸው። ተሳሳሙ። እናቴ ያንን ለማየት ያልሄደችበት ቦታ አልነበረም።

ከአርባዋ በኋላ አጎቴ ክልከላው እንዲነሳ ማመልከቻ ጻፊልኝ አለኝ፤ ለሁለቱም ቀበሌ ጻፍኩ። ያን ያህል ያጣላ ነገር ሲነሳ ክርክር እንኳ አልነበረበትም። አንደኛው ሊቀመንበር "ይሄ አሁንም አለ እንዴ?" ብሎ ፈረመ። መንገዱ ተከፈተ፤ የሚሻገርበት ግን የለም። የክርስትና ልጁን ሌላ ጀልባ እንዲሠራ ጠየቅነው። በር እየበየደ ነበር፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ "ያቺን ስሠራ ሁለቱን አባቶቼን ደስ አሰኛለሁ ብዬ ነበር" አለን። መነጽሩን መልሶ ብየዳውን ቀጠለ። እኛም ደግመን አልጠየቅነውም።

ዘንድሮ ከመሻገሪያው ወደ ታች ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል። ሕፃናት በሩጫ ያልፉበታል። አበልጁ ግን ጉልበቱን ታሞ ለሕክምና እንዲመቸው ልጁ ደብረ ብርሃን አምጥቶታል። አጎቴ ሊጠይቀው በጥቅምት መጣ፤ ወሰድኩት። አበልጁ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ተሳሳሙ፤ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ፣ ስለ ማሽላው ተጠያየቁ። ከዚያ ወሬው አለቀ። አጎቴ ኮፍያውን በእጁ ያዟዙራል፤ አበልጁ መስኮቱን ያያል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንዝ መሐላቸው አድርገው ገመድ ሲሳሳቡ የኖሩ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ምን እንደሚባባሉ አያውቁም ነበር።

"ደህና ሁን አበልጄ" አለ አጎቴ ተነስቶ።

"ትመጣለህ?"

"እመጣለሁ።"

በባጃጅ ወደ መናኸሪያ አደረስኩት። የለሚ ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበርና ቶሎ ገባ። መስኮቱን ከፍቶ "ማዶ ስደርስ እደውልለታለሁ በይው" አለኝ፤ ረዳቱም በሩን ዘጋው።